የተበጠሰ የስካቫተር ሰንሰለት፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ የድንጋይ ካባ ላይ የገጠመን ጉዳይና እንዴት እንደተጠገነ

ማሽኑ ኮማትሱ ፒሲ200 ዳሽ 8 ነው። 20 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ መንገድ ስራም በሉት ካባም በሉት የህንፃ መሰረት ቁፋሮም በሉት እኛ ሀገር የማይጠፋው ስካቫተር። ባለቤቱ ግለሰብ ናቸው፣ ማሽኑን ለኮንትራክተር በሰአት ያከራያሉ። ማሽኑ ሲቆም ገቢው ይቆማል፣ የኦፕሬተሩና የረዳቱ ደሞዝ ግን አይቆምም። ቦታው ደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ያለ የድንጋይ ካባ ነው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ምናምን፣ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወሩ መስከረም ነው፣ ክረምቱ ለቆ ያልወጣበት፣ ሜዳው መረሬ ጭቃ ካባው ደግሞ ጥቁር ድንጋይ የሆነበት ጊዜ። ይሄን አስቀድሜ የማወራው ለምን ተበጠሰ የሚለው ላይ ስንደርስ መሬቱም የራሱ ድርሻ ስላለው ነው።

ማሽኑ ሜዳው ላይ መረሬ ሲያወጣ ከርሞ ወደ ካባው እየተመለሰ ነበር፣ መግቢያው ላይ ድንጋያማ አጭር ዳገት አለ፣ እዛ ላይ በቦታው ሲዞር የቀኝ ሰንሰለቱ ለቀቀ። ኦፕሬተሩ ለኔ ለመካኒኩ ደወለልኝና "ጋሼ ቼኑ ወለቀ" አለኝ። ወለቀ ነው ወይስ ተበጠሰ ብዬ ጠየቅኩት፣ ምክንያቱም ሁለቱ ስራቸው ለየቅል ነው፣ ከአይድለር (ፊት ለፊት ሰንሰለቱ የሚዞርበት ትልቅ ክብ ብረት) ላይ ብቻ ወርዶ እንደተያያዘ ከሆነ በሰአታት ውስጥ ይመለሳል፣ ከተበጠሰ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ተበጥሷል። በቦሙ (በማሽኑ ዋና ክንድ) እየጎተትኩ ሜዳ ላይ ላውጣው ወይ ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት። ሰንሰለት የሌለው ጎን በሮለሮቹ፣ ማለት ሰንሰለቱ ላይ በሚንከባለሉት ክብ ብረቶች፣ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ 20 ቶን በሮለር እየተጎተተ ሲሄድ የሮለሩ ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገው) ይበላሻል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ማሽኑ ወዴት እንደሚንሸራተት አይታወቅም። ባልዲውን መሬት አስይዝ፣ ግራው ሰንሰለት ስር ታኮ አድርግ፣ ሞተር አጥፋና ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ አልኩት።

መጀመሪያ የላከልኝ የማሽኑን ሙሉ ፎቶ ነው፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚልከው። እኔ የፈለግኩት የተበጠሰበትን ሁለቱን ጫፍና የወጣውን ፒን (ሰንሰለቱን የሚያያይዘውን ክብ ብረት) በቅርበት ነበር። ሰንሰለት ሲበጠስ ከየት እንደጀመረ የሚናገረው የተሰበረው እቃ ራሱ ነው፣ እሱን ሳያዩ መለዋወጫ ፍለጋ መሮጥ ብር መበተን ነው። የፒኑ ፎቶ ሲመጣ ግማሹ ነገር ገባኝ። ፒኑ አልተሰበረም፣ እንደ ሙዝ ጎብጧል። አንዱ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ የብየዳ ቁራጭ አለ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ቡሹ (ፒኑን የሚያለብሰው ቱቦ) የሚሽከረከርበት ቦታ ተበልቶ ቀለበት ሰርቷል።

በማግስቱ እዛው ሄጄ ፒኑን በእጄ ያዝኩት። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ሊማ (ሞረድ) አለች፣ ሁሌም አለች፣ ፒኑን አንዴ ጫር ሳደርገው ሊማዋ ነከሰችው፣ ብናኝ ብረት ወረደ። ከዛ አጠገቡ ያለውን የሰንሰለቱን የራሱን ፒን ጫፍ ጫር ሳደርግ ሊማዋ ተንሸራታ አለፈች። ይቺ ሙከራ ምንም ወጪ የላትም፣ ግን ብዙ ትነግራለች። የፋብሪካው ፒን ገፁ በሙቀት የተጠናከረ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ለስለስ ያለ፣ እንዲህ የሚሰራው ላዩ እንዳይበላ ውስጡ ደግሞ እንደ መስታወት እንዳይሰነጠቅ ነው። የኛ ፒን ቶርኖ ቤት ከተራ ብረት የተጠረበ ነው፣ የቢላዋው መስመር ጫፉ ላይ ገና ይታያል። መቼ እንደገባ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፣ ማሽኑ እጅ ቀያይሯል። ያስገባው ሰው ፒኑ ልል ሲሆንበት እንዳይወጣ ጫፉን ከሊንኩ (ከሰንሰለቱ አንድ አካል) ጋር በብየዳ ጠብ አድርጎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሀገሩን የሞላ ነው። ሰንሰለቱ የተሰራው ከሊንክ፣ ከፒንና ከቡሽ ነው። ፒኑ በአንዱ ሊንክ ጆሮ (ቀዳዳ ያለው ጫፍ) ውስጥ በከባድ ፕሬስ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው፣ ጆሮው ውስጥ መሽከርከር የለበትም፣ የሚዞረው ቡሹ ውስጥ ብቻ ነው። ፒኑን ጆሮው ውስጥ የያዘው ብየዳ አይደለም፣ ያ ጥብቀት ነው። ልል ፒን ስታስገባ ጆሮው ውስጥ መዞር ይጀምራል፣ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል፣ ብየዳው የቻለውን ያህል ይይዝና ይሰነጠቃል፣ ከዛ ፒኑ ትንሽ በትንሽ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሊንኩም ቢሆን የተጠናከረ ብረት ስለሆነ ብየዳው ያረፈበት ቦታ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፣ የኛ ሊንክ ጆሮ ላይ ከብየዳው ስር የፀጉር ያህል ስንጥቅ አይተናል። እና ኦፕሬተሩ፣ ወጣት ልጅ ነው ግን ጆሮው ንቁ፣ ከመበጠሱ በፊት ባሉት ቀናት በቀኝ በኩል "ታክ ታክ" የሚል ድምፅ እንዳለ ለፎርማኑ ተናግሯል። ሰሚ አላገኘም። የቀኙን ትራክ ፍሬም (ሮለሮቹ የታሰሩበትን ብረት) ጎን በጨርቅ ስንጠርገው አንድ ቦታ ላይ አዲስ የተፋቀ የሚያብረቀርቅ መስመር አለ፣ ፒኑ ወጥቶ በዞረ ቁጥር እዛ ጋ ይመታ ነበር ማለት ነው። ያቺን መስመር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቷት ቢሆን ስራው የአንድ ከሰአት ስራ ነበር።

ባለቤቱ በስልክ የነገሩኝ ግልፅ ነው፣ "ወንድሜ ቶሎ ይነሳልኝ፣ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ሞልቷል፣ አንድ ፒን አስጠርብና ምታው"። ለምን እንደዛ እንዳሉ ይገባኛል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚገዛ ሰው ያውቀዋል፣ ኦሪጅናል ሰንሰለት ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ነው ዋጋ የሚሰማው። ግን ጆሮው ሞላላ ሆኖ፣ ተሰንጥቆ፣ ሌላ ለስላሳ ፒን እዛው መልሶ መምታት ያው ብልሽት እንደገና ቀጠሮ መስጠት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያለ ሊሆን ይችላል። ይሄን ነገርኳቸውና ለካክተን እንደውልልዎታለን አልኳቸው።

ፎርማኑ ደግሞ ሌላ ሀሳብ ነበረው፣ የተበላሸውን ሊንክ ጭራሽ አውጥተን 45 የነበረውን 44 አድርገን እንዝጋው። ይሄ ሜዳ ላይ በጣም የተለመደ ዘዴ ነው፣ ሰንሰለቱ ሲረዝም አንድ ይቀነሳል። አይሆንም ከማለቴ በፊት ለካነው። ሎደር መጥቶ የወደቀውን ሰንሰለት ሜዳ ላይ ወጠር አድርጎ ዘረጋልን፣ ሳይወጠር ከተለካ ቁጥሩ ውሸት ነው። ፒሲ200 ላይ አዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 190.25 ሚሊ ነው፣ አንዱን ብቻ መለካት ስህተት ስለሚያመጣ አራት ሊንክ አንድ ላይ ይለካል፣ አዲሱ 761 ይመጣል፣ በቃ የሚባልበት ደግሞ 777 ገደማ ነው። የኛ ሶስት የተለያየ ቦታ ላይ ለክተን ወደ 772 መጣ። ማለት ከእድሜው 70 በመቶ ያህሉን በልቷል፣ ግን አልሞተም።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። በአራት ሊንክ 11 ሚሊ ረዝሟል፣ በአንድ መገጣጠሚያ 2.75 ሚሊ፣ በ45 ስታባዛው ጠቅላላው ሰንሰለት 124 ሚሊ ገደማ ረዝሟል። ሰንሰለቱ ከላይም ከታችም ስላለ አይድለሩ 1 ሳንቲ ወደፊት ሲገፋ 2 ሳንቲ ሰንሰለት ይወጥራል፣ ስለዚህ ያን እርዝማኔ ለመዋጥ አይድለሩ ወደፊት የሄደው 62 ሚሊ ብቻ ነው። አንድ ሊንክ ብናወጣ ሰንሰለቱ 193 ሚሊ ያጥራል፣ እሱን ለመግጠም አይድለሩ 96 ሚሊ ወደኋላ መመለስ አለበት። ከየት ይመጣል? በስንት ትግል ቢገጥም እንኳ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሰንሰለት ነው የሚሆነው፣ ይሄ ደግሞ ለመበጠሱ አንዱ ምክንያት የሆነው ራሱ ነገር ነው። ሊንክ መቀነስ ሰንሰለቱ ከአንድ ሊንክ በላይ ረዝሞ መወጠሪያው ሲያልቅበት ጊዜ መግዣ ነው፣ ያኔም ቢሆን በየመገጣጠሚያው ያለው እርዝማኔ የትም አይሄድም፣ ቡሹ የስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ላይ ያለ ቦታው እየወጣ ጥርሱን ያሾለዋል። ፎርማኑ ወረቀት ላይ ሲያየው ተቀበለ፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው፣ በክርክር ሳይሆን በሜትር ነው የተስማማነው።

ስለዚህ የመረጥነው የተጎዳውን ቦታ በሁለት ሊንክ ቁራጭ መተካት ነው፣ ቁራጩ ደግሞ አዲስ ሳይሆን በተመሳሳይ ደረጃ ያገለገለ። ለምን አዲስ አይሆንም የሚል ሰው ይኖራል። ያለቀ ሰንሰለት መሀል ሁለት አዲስ ሊንክ ስታስገባ ቁመታቸው ከሌሎቹ ይበልጣል፣ የታች ሮለሮቹ በዞሩ ቁጥር እዛ ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ማሽኑ ሲሄድ ይደበድባል፣ የሮለሩን ሲልና የሊንኩን ገፅ ይጎዳል። ሳልባጅ ለማግኘት ሶማሌ ተራም ቃሊቲም ዞረን ነው ያገኘነው፣ ከተፈታ የፒሲ200 ሰንሰለት ላይ ቁመቱን በካሊፐር ለክተን ከኛ ጋር የሚቀራረበውን ቆርጠን ወሰድን፣ የፒን ጆሮዎቹን ክብነት አየን፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው በሽቦ ብሩሽ አፅድተን ናፍጣ ቀብተን ጠርገን አየን፣ ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ተመልሶ ይወጣና መስመሩን ያሳያል። ሁለት ፒን ደግሞ አዲስ ተገዛ፣ አንዱ ማስተር ፒን፣ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚዘጋበት። ሱቅ ውስጥ ሊማዬን ሳወጣ ባለሱቁ ትንሽ ከፋው፣ ግን ካርቶኑ ላይ የተፃፈው ሁሉ እውነት ስላልሆነ ይቅርታ ጠይቄም ቢሆን ጫር አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ፒን ነከሰ፣ መለስኩት። ሁለተኛው ሱቅ ያገኘነው አንሸራተተ፣ እሱን ገዛን።

ወደ ሜዳው ስራ። ማሽኑን ማንሳት የተቻለው በራሱ ቦም ነው። የላይኛው አካል ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ዞረ፣ የባልዲው ጥርስ ሳይሆን ክቡ ጀርባ መሬት ያዘ፣ በቦሙና በአርሙ (ከቦሙ ቀጥሎ ባለው ክንድ) መሀል ያለው አንግል ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲጫን የቀኙ ጎን ተነሳ። ወዲያው ፍሬሙ ስር አራት ማእዘን የተጠረበ የባህር ዛፍ እንጨት ተደርድሮ ማሽኑ እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ክብ ግንድ አይሆንም፣ ይንከባለላል። በሀይድሮሊክ ብቻ ተንጠልጥሎ ያለ ማሽን ስር ማንም ሰው እጁንም እንዲያስገባ አልፈቀድኩም፣ አንድ የሀይድሮሊክ ጎማ (የዘይት ቱቦ) ቢፈነዳ ወይ ኦፕሬተሩ በክርኑ ሊቨሩን ቢነካ ያበቃል።

ቀጥሎ አይድለሩን ወደኋላ ለመመለስ የመወጠሪያውን፣ ማለት አይድለሩን ወደፊት የሚገፋውን ሲሊንደር፣ ግሪስ ማስተንፈስ ነው። እዚህ ጋ ሁሉም ረዳት፣ ሁሉም አዲስ መካኒክ በደንብ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። መወጠሪያ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግሪስ ግፊቱ በጣም ከባድ ነው። ቫልቩ የሚላላው ቀስ በቀስ ነው፣ ከአንድ ዙር በላይ በፍፁም አይላላም፣ ፊትህንም እጅህንም ጉልበትህንም ከፊቱ አታደርግም፣ በጎን ነው የምትቆመው። ከአንድ ዙር በላይ ከላላ ቫልቩ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል፣ ግሪሱም ቆዳ በስቶ ስጋ ውስጥ ይገባል፣ ያ ደግሞ ላዩን ትንሽ ነጥብ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ረዳቱ ልጅ ቁልፉን ይዞ ቀጥ ብሎ ከፊቱ ተንበረከከ፣ ማንም አላስተማረውም። ይዤ አነሳሁትና በጎን አስቀምጬ እንዴት እንደሚያዝ አሳየሁት፣ ከዛ ራሱ አላላው። ግሪሱ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ደርቋል። ይሄኔ ነው ብዙ ሰው ተጨማሪ ዙር የሚያላላው። እኛ ቫልቩን አንድ ዙሩ ላይ ትተን፣ ሰው ሁሉ ከአካባቢው ርቆ፣ ሎደሩ ወፍራም እንጨት አስደግፎ አይድለሩን በዝግታ ገፋ ሲያደርገው ግሪሱ እየተጠማዘዘ መውጣት ጀመረ። ከአይድለሩ ጀርባ ያለውን ትልቁን ሞላ ግን አይነኩትም፣ እሱ በብዙ ቶን ታፍኖ የተቀመጠ ነው፣ መፈታት ያለበት መሳሪያው ያለው ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው።

የተጎዳውን ቁራጭ ለማውጣት የሚገፋው ፒን ሁለት ነው፣ ከግራና ከቀኙ። ኦክስጅን ይዞ የመጣ በያጅ ነበር፣ ቶሎ ልቁረጠው አለ። ፒን በእሳት ማቃጠል ይቻላል፣ ግን ሙቀቱ የጎረቤቱን ሊንክ ጆሮ ጥንካሬ ይገድለዋል፣ የዘይትና የግሪስ ሲሉንም ያቀልጠዋል፣ ከዛ አጠገቡ ያለው መገጣጠሚያ ደርቆ ቀጣዩ በሽተኛ እሱ ይሆናል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳልባጁን ይዞ የመጣው ፒካፕ በእጅ ፓምፕ የሚሰራ ሀይድሮሊክ የፒን ፕሬስም ተከራይቶ ጭኖ መጣ። ፓምፑ ተመትቶ ተመትቶ ፒኑ መጀመሪያ ሲላቀቅ "ጓ" ብሎ ነው፣ የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። መዶሻ የተጠቀምነው ለማስተካከል ብቻ ነው፣ ያውም በመሀል ለስላሳ ብረት እያደረግን። የጠነከረ መዶሻ የጠነከረ ፒን ሲመታ የሚፈናጠረው ስባሪ አይን ያጠፋል፣ እዛ የነበረ ሰው ሁሉ መነፅር አድርጓል፣ መነፅር ያልነበረው ራቅ ብሎ ቆሟል።

ሳልባጁ ቁራጭ በአንድ ጎኑ መሬት ላይ እያለ በፕሬስ ተያያዘ፣ ቡሹ ውስጥ ግሪስ ገባ፣ የአቧራ ቀለበቶቹ አዲስ ናቸው። አቅጣጫው እንዳይገለበጥ ሰንሰለቱ ከመፈታቱ በፊት በቀለም ቀስት ሰርተንበት ነበር። ከዛ ሰንሰለቱ በማሽኑ ርዝመት ከሮለሮቹ ስር ተዘረጋ፣ ጫፉ በብረት ገመድ ተይዞ ስፕሮኬቱ ላይ ወጣ፣ ኦፕሬተሩ በጣም በዝግታ ሲያዞረው ስፕሮኬቱ ራሱ እየጎተተ በላይ ሮለሮቹ ላይ ወደ አይድለር አሳለፈው። ይሄ ሲሆን ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከሁሉም አቅጣጫ "ና! ቁም! ትንሽ!" የሚጮህበት ሳይት ላይ ጣት የሚቆረጠው እዚህ ሰአት ላይ ነው። ሁለቱን ጫፍ አይድለሩ ፊት ላይ በቼይን ብሎክ አቀራርበን፣ ቀዳዳዎቹን በሹል ፒን አስተካክለን፣ ማስተር ፒኑን በፕሬስ አስገባነው። ሲገባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፓምፑ ይከብድ ነበር፣ እሱ ነው የምንፈልገው። በቀላሉ ቢገባ ኖሮ ጆሮው ልል ነው ማለት ስለሆነ እንደገና አወጣው ነበር። በሁለቱም በኩል እኩል መውጣቱን ለካን፣ ጫማዎቹ (መሬት የሚረግጡት የሰንሰለቱ ጠፍጣፋ ብረቶች) በአዲስ ብሎን በቶርክ፣ በተለካ ጥብቀት፣ ታሰሩ። ብየዳ የሚባል ነገር አልነካውም።

ውጥረቱ ላይ ሁሉም ሰው በአይን ነው የሚገምተው፣ ግን መለካቱ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ግሪስ ትሞላለህ፣ ማሽኑ ወደፊት ወደኋላ ይሄዳል፣ ከዛ ቀጥ ያለ ብረት ከአይድለሩ እስከ ላይኛው ሮለር ጫማዎቹ ላይ ታስቀምጥና በብረቱና በጫማው መሀል ትልቁን ክፍተት ትለካለህ፣ ለዚህ ማሽን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ነው። እኛ 25 ላይ ተውነው።

እንግዲህ ለስላሳው ፒን ለምን ያን ቀን ተሸነፈ? ከኦፕሬተሩ ጋር ቁጭ ብለን ወደኋላ ስናወራ ነገሩ ተገጣጠመ። በበጋ ካባው ላይ እያለ ሰንሰለቱ ላላ ሲል ግሪስ ተጨምሮበታል፣ በደረቅ መሬት ልክ ነው። ከዛ ክረምት ላይ ወደ መረሬው ወረደ። መረሬ ጭቃ እንደምታውቁት አይለቅም፣ ስፕሮኬቱ ጥርስ መሀልና ሮለሮቹ ላይ ተጠቅጥቆ ይሞላል፣ ስፕሮኬቱ በጭቃው ውፍረት ያህል ያደገ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ያው ነው፣ ስለዚህ ማንም ግሪስ ሳይጨምር ይወጠራል። ማታ ማታ ጭቃው አይወርድም ነበር፣ ጠዋት ደርቆ ሲሚንቶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ላይ ጫማው 700 ሚሊ ነው፣ ለጭቃ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ላይ ግን ጫፉ ድንጋይ ሲረግጥ ረጅም ክንድ ሆኖ ሊንኩን ይጠመዝዘዋል፣ ፒኑን ከጆሮው ያላቅቀዋል። ተወጥሮ፣ ሰፊ ጫማ ለብሶ፣ ድንጋይ ዳገት ላይ በቦታው ዞረ። ኦሪጅናል ፒን ምናልባት ያን ቀን ያልፈው ነበር፣ ግን ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ይቀጣ ነበር፣ ስለዚህ ፒኑን ብቻ ቀይረን ብንሄድ ጉዳዩን ግማሽ ነው የሰራነው።

ባለቤቱ በመጨረሻ ራሳቸው መጥተው አዩት። አሮጌውን ፒንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጌ ሊማዋን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ጫሩት፣ ከዛ በኋላ ስለ ቶርኖ አላነሱም። የተስማማነው ይሄ ነው፦ ማታ ስራ ሲያልቅ ጭቃው በአካፋና በዲጂኖ ይወርዳል፣ ለዚህም የረዳቱ ሰአት ይከፈለዋል፣ በነፃ የሚደረግ ነገር አይደረግም። ሜዳ ሲቀየር ውጥረቱ ይለካል፣ ጭቃ ላይ ላላ ይላል። ረጅም ጉዞ ሲሆን ስፕሮኬቱ ከኋላ ሆኖ ይነዳል፣ ወደኋላ መንዳት ቡሽና ጥርስ ይበላል። በየፒኑ ጫፍና ሊንኩ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር ተሰምሯል፣ ፒኑ ጆሮው ውስጥ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ ኦፕሬተሩ ጠዋት ዘይት ሲያይ እሱንም ያያል፣ ድምፅ ሰማሁ ካለ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል፣ ፎርማኑም ፈርሞበታል።

በኋላ ሄጄ ሳየው ማስተር ፒኑ ላይ ያለው መስመር እንደተሰመረ ነው፣ የተቀየረው ቁራጭ ሮለር ላይ ሲያልፍ ድምፅ የለውም። የግራው ሰንሰለት 769 ላይ ነው፣ ስፕሮኬቶቹ መሾል ጀምረዋል ግን ይሰራሉ። ያለቀ ስፕሮኬት ላይ አዲስ ሰንሰለት መግጠም አዲሱን በአጭር ጊዜ ማበላሸት ስለሆነ ቁጥሩ 776 አካባቢ ሲደርስ ሁለቱም ጎን ከነስፕሮኬታቸው አንድ ላይ ይቀየራሉ፣ ባለቤቱ ለዛ ከየወሩ ኪራይ እየቀነሱ ማስቀመጥ ጀምረዋል። ማሽኑ ካባው ላይ ስለሚቆይ ጫማዎቹም ያኔ ወደ 600 ይወርዳሉ።